የእቃቃው ግቢ

«ልጄን የላክሁት ቁርኣን ይቀራ፣ ፊደል ይቁጠር ብዬ ነው። ጭቃ ማቡካቱንማ ከቤቱም አላጣው!» ይህን የመሰለ ቃል በያዝነው ዓመት ብቻ ከሦስት ወላጆች ሰምተናል። አነጋገራቸው ይለያይ እንጂ ቁም ነገሩ አንድ ነው። እኛ በደብረ ማርቆስ ከተማ ጧት በመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመድረሳ ሕፃናትን እናስተምራለን። ወላጆቹን ያስቆጣቸው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በመድረሳው ጓሮ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ልጆቹ የሚጫወቱት እቃቃ ነው። ሥጋታቸው ከንቱ ነው አንልም፤ የልጁ ጊዜ ሲባክን ማየት የማይከነክነው ወላጅ የለም። ይሁንና ጊዜው በእርግጥ ይባክናል ወይ?

እቃቃ ምን እንደሆነ ለአንባብያን ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል፤ በልጅነቱ ያልተጫወተው የለምና። ነገር ግን ካደግን በኋላ ቀረብ ብለን ያየነው ጥቂቶች ነን። የተሰበረ ጀበና፣ የቲማቲም ጣሳ፣ ቆርኪ፣ ገል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የባሕር ዛፍ ፍሬ ይሰበሰባል። ድንጋይ ተደርድሮ ግድግዳ ይሆናል፤ በመካከሉ የተተወው ክፍተት በር ነው። በድንጋዩ ላይ ተራምዶ የሚገባ ልጅ ወዮለት! «በበሩ ግባ!» ተብሎ ይመለሳል። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ጠፈፍ ሲል ጨዋታው ይደራል፤ በበጋ ደግሞ አቧራው ዱቄት ይሆናል።

ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው በመጀመሪያ የሚያስገርመው ከጨዋታው ይልቅ ክርክሩ መርዘሙ ነው። «እናት እኔ ነኝ።» «ትናንትም አንቺ ነበርሽ።» «እንግዲያው አንቺ ከአዲስ አበባ የመጣሽ አክስት ሁኚ፤ ሻንጣ አለሽ።» ሻንጣው ነገሩን ያበርደዋል፤ ክርክሩም ወደ ሌላው ልጅ ይሻገራል። በዚህ ሸንጎ ላይ ዳኛ የለም። ያለው ትልቁ መሣሪያ «አልጫወትም» የሚለው ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም በሁሉም እጅ አለ። አንዱ ጥሎ ከሄደ ቤቱ ይፈርሳልና ሁሉም ጥቂት ጥቂት መተው ግድ ይሆንበታል። በክፍል ውስጥ «ተራህን ጠብቅ» ስንለው ልጁ የሚጠብቀው እኛን ፈርቶ ነው። እዚህ ግን የሚጠብቀው ጓደኛው ስለሚያስፈልገው ነው። የሁለቱን ልዩነት ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በእኛ በኩል ከሁሉ የሚበልጥብንም ይህ ነው። አማርኛችን «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» እያለ ሰውን በየማዕረጉ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። ሕፃን ደግሞ ዘወትር «አንተ» የሚባል ፍጡር ነው። እርሱ «እርስዎ» ተብሎ የሚጠራበት ስፍራ ከእቃቃ በቀር በዓለም ላይ የለም። ባለፈው ጥቅምት አምስት ዓመት ያልሞላው አንድ ልጅ ነጠላ ጠምጥሞ «ሼኽ» ሆኖ መጣ። ባለቤቲቱ በወራት የምትበልጠው ልጅ ናት። ከበሩ ላይ ተቀብላ «ይግቡ ሼኽ፣ ይቀመጡ» አለችው። እርሱም «የለም፣ እቸኩላለሁ» አለ። «በአላህ! ቡና ሳይጠጡማ አይሄዱም።» «ኧረ ተይኝ ልጄ።» በሦስተኛው ልመና ተቀመጠ። ከአቧራና ከውሃ የተፈላውን ቡና ተቀበለ፤ ከዚያም መዳፎቹን ዘርግቶ ለቤቱ፣ ለከብቱ፣ ለልጆቹ ዱዓ አደረገ፤ የቀሩትም «ኣሚን፣ ኣሚን» አሉ።

እንግዲህ ይህን ማን አስተማራቸው? እንግዳ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እንደሚቀመጥ በየትኛውም መጽሐፍ አልጻፍንላቸውም። «ግባ» የነበረው «ይግቡ»፣ «ጠጣህ» የነበረው «ጠጡ» መሆን አለበት፤ አንዱ ካመለጣት ጓደኞቿ ከኛ ፈጥነው ያርሟታል። «ሼኽን አንተ አለቻቸው!» ይባላል፤ ሳቁም አይጣል ነው። አክብሮትን መስማት አንድ ነገር ነው፤ ተከባሪም አክባሪም ሆኖ መሞከር ግን ሌላ ነው።

ሌቭ ቪጎትስኪ (1896-1934 እ.ኤ.አ.) የተባለው የሩሲያ የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ጨዋታ ሲያስተምር ስለ ሁለት እኅትማማቾች ያነሣል። ልጆቹ በእርግጥ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንድ ቀን ግን «እኅትማማች እንጫወት» ይባባላሉ። በዘወትር ኑሯቸው እኅትነታቸውን አያስቡትም። በጨዋታው ግን እኅት ማለት እንዴት ያለች ናት፣ ምን ታደርጋለች፣ ምን አታደርግም እያሉ ያስቡ ጀመር። ስለዚህ ቪጎትስኪ የማስመሰል ጨዋታ ሕግ የሌለበት ነጻነት ነው የሚለውን አይቀበልም፤ ሕጉ በውስጡ ነው ይላል። ከእርሱ በኋላ በ1948 እ.ኤ.አ. ማኑይሌንኮ የተባለች የሶቪየት ተመራማሪ ሕፃናትን ያለ ጨዋታ «ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ» ከማለት ይልቅ በጨዋታ ዘበኛ ስታደርጋቸው ረዘም ላለ ጊዜ ጸንተው እንደሚቆሙ አሳይታለች። ለሶላት ሰልፍ ልጆችን ያቆመ ኡስታዝ ይህን ለመቀበል የሚቸገር አይመስለንም።

ከከተማው ወጣ ብለን ወደ ሉማሜ ወይም ወደ ደምበጫ በኩል ብንሄድ ደግሞ እረኞቹ ልጆች ከጭቃ በሬ ሲሠሩ እናያለን። ሻኛውን፣ ቀንዱን አሳምረው፣ በሰንበሌጥ ቀንበር ጠምደው ያርሳሉ። አንድ ልጅ የሠራው አንድ በሬ ብቻ ከሆነ ምን ያደርጋል? ሌላ አንድ በሬ ያለውን ልጅ ፈልጎ መቀናጆ ይገባል፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን ይባባላሉ። አባቶቻቸው የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የጎጃም ገበሬ ልጅ እውነተኛውን ሞፈር ከመጨበጡ ብዙ ዓመት በፊት ስለ መተማመንና ስለ ተራ ሲደራደር፣ ሲጣላና ሲታረቅ ኖሯል ማለት ነው።

ልጆች የሚቀዱት መልካሙን ብቻ አይደለም። በጓሯችን አባት የሚሆነው ልጅ ሥራው ምን እንደሆነ ብትመለከቱ እናንት አባቶች ታፍራላችሁ። ይወጣል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጆሮው ላይ ለጥፎ «ዝም በሉ፣ ስልክ ላይ ነኝ!» ይላል። እናቲቱ ጋግራ፣ ወጥ ሠርታ፣ ሕፃን አዝላ ታቀርብለታለች፤ እርሱም «ጨው በዛበት» ብሎ ይነሣል። (የኛንም አሳሳል አልተዉልንም፤ አንዱ ኡስታዝ ሆኖ ሲገባ ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው።) ወላጅ ቤቱ ከውጭ ሲታይ ምን እንደሚመስል ማወቅ ከፈለገ ልጁ እቃቃ ሲጫወት ራቅ ብሎ ይቀመጥና ያዳምጥ።

አሁን ወደ አንድ ሠርግ እንውሰዳችሁ። ወደ ጓሯችን የጎረቤት ክርስቲያን ልጆችም ይመጣሉ፤ አጥሩ ክፍት ነው። በአገራችን ክርስቲያን ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም ወዳጆቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ ድስቱንም አብሳዩንም ለይቶ እንደሚያስተናግድ የታወቀ ነው፤ ሙስሊሙም እንዲሁ። ልጆቹ ይህን ከእውነተኛ ሠርግ አይተዋል። በዚያን ቀን ደጋሿ ማተብ ያሰረች የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ጣሳ በሁለት ጉልቻ ላይ ጥዳ፣ በመካከላቸው በእንጨት መስመር አሰመረች። ለኛ ተማሪዎችም «የናንተ ያኛው ነው፤ ከናንተ ልጅ ነው ያረደው» አለቻቸው። በእርግጥም አንዱ ልጃችን «ቢስሚላህ» ብሎ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ አርዶ ነበር።

ሁሉም በሰላም ሲሄድ አንድ ችኩል ልጅ በአንዱ ጣሳ ያማሰለበትን እንጨት በሌላው ውስጥ ነከረው። ጩኸቱ ከመስጊዱ ድረስ ተሰማ። የኛዎቹ «ይታጠብ» አሉ፤ ሌሎች «ምንም አይደል፣ የውሸት ነው» አሉ። ደጋሿ ግን ተቆጣች። «እነሱ ይህን አይበሉትም! ተደፍቶ እንደገና ይታረድ!» ብላ ጣሳውን ገለበጠችው። ሌላ ድንጋይ ተፈልጎ ታረደ።

ስቀን አበቃን፤ በኋላ ግን ነገሩን አሰብነው። ይህች ልጅ የጠበቀችው የራሷን ክልክል አይደለም። ለርሷ ሁለቱም ጣሳ አንድ ነው። እርሷ የምትበላውን እነርሱ እንደማይበሉ፣ ባይነገራቸው እንኳ ቢያውቁ እንደሚያዝኑ ይዛ፣ ያንን የሌላውን ሕግ በራሷ ቤት አስከበረች። ሐይንዝ ዊመርና ጆሴፍ ፐርነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት አንድ ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ለሕፃናት አንድ ታሪክ ይነገራቸዋል። ልጁ ቸኮላታውን በአንድ ቁም ሣጥን አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ወደ ሌላ ታዛውረዋለች፤ ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? የሦስት ዓመት ልጆች ባብዛኛው አሁን ያለበትን ስፍራ ያሳያሉ፤ እነርሱ የሚያውቁትን ልጁም የሚያውቅ ይመስላቸዋል። ከአራትና ከአምስት ዓመት ጀምሮ ግን የሌላው ሰው ልብ ከነርሱ ልብ የተለየ መሆኑን እየተረዱ ይሄዳሉ። በአካባቢያችን ሰው ለሰው ተከባብሮ መኖሩ የሚቆመው በዚህች ችሎታ ላይ ነው። የዚህች ጉዳይ መለማመጃም ከዚያ ድስት የተሻለ አላየንም።

«የውሸት ነው» የምትለዋ ቃል ግን አንዳንድ ወላጆችን ታስደነግጣለች። ልጆቹ በጨዋታው መካከል «የምር ነው ወይስ የውሸት?» እየተባባሉ ይጠያየቃሉ። አንድ አባት «ኡስታዝ፣ ውሸት በዲናችን ሐራም ሆኖ ሳለ ልጆቻችን የውሸት ሲጫወቱ ዝም ትላላችሁ?» ብለውናል። ጥያቄው ቀላል አይደለምና መልስ ይገባዋል። በአቡ ዳውድ ዘገባ አንዲት እናት ልጇን «ና፣ ልስጥህ» ብላ ስትጠራ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ቴምር እንደሆነ ስትነግራቸው፣ ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይመዘገብብሽ ነበር ሲሉ አስጠንቅቀዋታል። በዚያው በአቡ ዳውድ ስብስብ ደግሞ ሌላ ዘገባ እናገኛለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከአሻንጉሊቶቻቸው መካከል ሁለት የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ ነበራቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን? ብለው መለሱላቸው። እርሳቸውም መንጋጋቸው እስኪታይ ሣቁ።

እነዚህን ሁለት ዘገባዎች ጎን ለጎን አድርገን ብናነባቸው ለአባትየው የሚሆን መልስ እናገኛለን። ቴምሩ ባይሰጥ ኖሮ አንድ የሚታለል ልጅ ይኖር ነበር። በክንፋሙ ፈረስ ግን የተታለለ ማንም የለም፤ ሠሪዋም ጠያቂውም ጨርቅ መሆኑን ያውቃሉ። ልጆቻችን «የምር ነው ወይስ የውሸት?» ብለው የሚጠያየቁት ማንም እንዳይታለል ነው። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበውም የእናታችን ዓኢሻ ጓደኞች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲገቡ እያፈሩ ይደበቁ ነበር፤ እርሳቸውም አብረዋት ይጫወቱ ዘንድ መልሰው ይልኩላት ነበር። ስለ ሕፃናት አሻንጉሊት ያለውን ፍርድ በዝርዝር መተንተን የዑለማእ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ ግን በዚህ ሐዲስ መነሻነት ለሕፃናት ፈቅደዋል።

እዚህ ላይ ልጓም መያዝ ያስፈልጋል። በየመዋዕለ ሕፃናቱ ደጃፍ «ጨዋታ ልጅዎን ሊቅ ያደርጋል» የሚል ማስታወቂያ መስቀል ቀላል ነው። አንጀሊን ሊላርድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2013 እ.ኤ.አ. በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን ጥናቶች ሰብስባ መርምራ ነበር። የማስመሰል ጨዋታ ብቻውን የልጅን አእምሮ ያሰላል የሚለውን አባባል ለማጽናት ማስረጃው ገና ደካማ መሆኑን ጽፋለች። ከጨዋታው ጋር የሚገኘው የቋንቋና የማኅበራዊ ኑሮ ዕድገት ከሌላም መንገድ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እቃቃ የተጫወተ ሁሉ ሐኪም ይሆናል አንልም። የምንለው ዓይናችን ያየውን ነው። በዚያ ጓሮ ልጆች ሌላውን መስማት፣ መተው፣ ማስተናገድና ማስታረቅ በየቀኑ ይለማመዳሉ። ይህን ያህል መለማመጃ የሚሰጥ ሌላ ሰዓት በመድረሳችንም ሆነ በመንግሥቱ ትምህርት ቤት የለንም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ጦርነቱ ወደ እቃቃውም ገብቷል። በገመድ ኬላ ይሠራሉ፤ «መታወቂያ!» ይባባላሉ፤ መታወቂያው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ተጨንቀው መጡ። የስድስት ዓመት ልጃቸው አሻንጉሊቷን በነጭ ጨርቅ ከፍና በየቀኑ ትቀብራለች። «ኡስታዝ፣ ልጄ ምን ነካት? አሻንጉሊቷን ላቃጥለው?» አሉን።

በ1976 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ ቾውቺላ በተባለች ከተማ 26 ተማሪዎች ከነአውቶቡሳቸው ተጠልፈው ከመሬት በታች በተቀበረ መኪና ውስጥ ታግተው ነበር፤ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ሌኖር ቴር የተባለች የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም እነዚህን ልጆች ተከታትላ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላም ያንኑ ጠለፋ ደጋግመው እንደሚጫወቱ ጽፋለች። እርሷ የለየችው ምልክት ይህ ነው። ጤናማ ጨዋታ ይለዋወጣል፤ አንድ ቀን አንዱ ይሞታል፣ በማግሥቱ ይድናል፣ ሌላ ሰው ይመጣል። ድንጋጤው ያልለቀቀው ልጅ ጨዋታ ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ይዞራል፤ ልጁንም አያሳርፈውም። ለእናቲቱ የነገርናቸው አሻንጉሊቱን እንዳይነጥቋት፣ አጠገቧ ቁጭ ብለው እንዲያዩ፣ ብትጋብዛቸውም እንዲገቡ ነው። እንቅልፍ ከነሣት፣ ምግብ ካስጠላት፣ ጨዋታውም ከወራት በኋላ ሳይለወጥ ከቀጠለ ወደ ሐኪም መውሰድ እንደሚያስፈልግም ነግረናቸዋል። ልጅቷ ዛሬም ትቀብራለች። ነገር ግን ከቀብሩ በኋላ ንፍሮ መቀቀል ጀምራለች፤ ጎረቤትም ይመጣል፤ እናቷም ከጎረቤቶቹ አንዷ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያስጻፈን ጓሮው ራሱ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ዜሮ ክፍልን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ካስገባ ወዲህ ብዙ የድኻ ልጆች ደጁን ለማየት በቅተዋል፤ ይህ ታላቅ ነገር ነው። ግን እኛ በምናውቃቸው ክፍሎች ውስጥ ለስድስት ዓመት ልጅ የተሰጠው የትልቅ ልጅ ዴስክ፣ ጥቁር ሰሌዳና «ከኋላዬ በሉ» ነው። ወደ ቤቱ ሲመለስ ስልክ ይሰጠዋል። ለእቃቃ የቀረው መሬት የመድረሳው ጓሮ ነበር። አሁን የመድረሳው ኮሚቴ በዚያ ስፍራ አራት የኪራይ ሱቆች ሊሠራ አስቧል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም። የኡስታዞች ደመወዝ ወር እየተዘለለ ነው የሚከፈለው፤ ኪራዩ ቢመጣ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ እኛው ነን።

ለኮሚቴው ሽማግሌዎች ስለ ቪጎትስኪ ብንነግራቸው በትዕግሥት ከመስማት አልፈው የሚያደርጉት ያለ አይመስለንም። ኢማም አል-ገዛሊን (1058-1111 እ.ኤ.አ.) ግን ያውቋቸዋል። ኢማሙ በኢሕያእ ዑሉሙዲን ውስጥ ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲጽፉ፣ ሕፃን ከትምህርቱ በኋላ የሚያሳርፈው ጨዋታ ሊፈቀድለት እንደሚገባ፣ ጨዋታ ተከልክሎ ዘወትር በትምህርት ቢጨነቅ ልቡ እንደሚሞትና ማስተዋሉ እንደሚደንዝ አስጠንቅቀዋል። ይህን ገጽ አጣጥፈን ይዘናል። የምንጠይቀውም ብዙ አይደለም፤ ሱቆቹ አራት መሆናቸው ቀርቶ ሁለት ይሁኑ፣ እነርሱም ወደ መንገዱ በኩል ይሠሩ፣ ባሕር ዛፎቹና ከሥራቸው ያለው አሥራ ሁለት እርምጃ መሬት ይቅር። ባለፈው ሳምንት ይህን በእግራችን ስንለካ ልጆቹ ተከትለውን ነበር። ወዲያውም አንዱ መሐንዲስ ሆኖ በገመድ መለካት፣ ሌላው ኮሚቴ ሆኖ መቃወም ጀመረ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ይሰበሰባል።